መቶኛው መስመር

ይድረስ ለወንድሜ ለሙሐመድሳኒ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከርመሃል? ወገብህ እንዴት ሆነልህ? የድሬዳዋ ሙቀት በዚህ ወር እንደሚበረታ ሰምቻለሁ፤ እንቅልፍ ታገኛለህ ወይ? ባለቤትህ ሁስናስ ደኅና ናት? ልጅህ ሰዓድ ሥራ ያዘ ወይስ አሁንም ይፈልጋል? እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ፤ ጉልበቴ ግን ከእኔ ቀድሞ አርጅቷል። ዝናቡ ከገባ ወዲህ ጭቃው ሁለት ጊዜ ጥሎኛል። ይህን የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም፤ ጽሕፈቴ ወደ ታች ቢያዘነብል ምክንያቱን እንድታውቀው ነው።

የልጄ ልጅ ባህሪያ በትምህርቷ መካከል ወንድ ልጅ ወለደች። ሙስዓብ ብለነዋል። እሷ ኮሌጅ ከገባች ገና የመጀመሪያ ዓመቷ ነው። አራስ ሆና ዓመቱ እንዳይባክንባት መምህራኑን ለመንሁና አርባውን ቀን እኔ በእሷ ቦታ እየተቀመጥሁ ማስታወሻ እንድይዝላት ፈቀዱልኝ። የሥነ ሕይወት መግቢያና የሥነ ጥበብ ታሪክ መግቢያ ነው የምወስድላት። ከቤት እስከ ኮሌጁ ዳገት ነው፤ ሦስት ቦታ እያረፍሁ እደርሳለሁ። መጀመሪያ ቀን ልጆቹ መምህር መስያቸው ብድግ አሉ። ቤኪ የሚባል ረጅም ልጅ ከፊት ወንበር ስቀመጥ ቢያየኝ፣ ማዘር ፈተናውንም እርስዎ ይፈተኑልን እንጂ አለኝ። አንተ መጀመሪያ ሸሚዝህን ቆልፍ አልሁት። ከዚያ ወዲህ ወንበር የሚይዝልኝ እሱ ነው።

የሥነ ጥበብ ታሪክ የምታስተምረው ሜሪ የምትባል ልጅ እግር ናት። መጋረጃውን ትዘጋና ግድግዳው ላይ ሥዕል ታበራለች። ሕጓ አንድ ነው፤ አሥር ደቂቃ ሙሉ የሚታየውን ብቻ መጻፍ። አንድ ቀን ከድንጋይ የተቀረጸች፣ የተቀመጠች ሴት አሳየችን። እኔ ወዲያው «እናት ልጇን ታቅፋ» ብዬ ጻፍሁና ብዕሬን አስቀመጥሁ። ሜሪ ከኋላዬ ቆማ አነበበችው፤ ልጁ የቱ ጋ ነው ብላ ጠየቀችኝ። መነጽሬን ጠርጌ ባይ ልጅ የለም። የታቀፈችው ማሰሮ ነው።

«እትዬ ሳሊሀ፣ የጻፉት የሚያውቁትን ነው፤ ያዩትን አይደለም» አለችኝ።

ይህን ያህል ዘመን አስተምሬ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ጆሮዬ ጋለ።

ያለፈው ሐሙስ ደግሞ የሥነ ሕይወት መምህሩ ጴጥሮስ፣ የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ በቴፒ መንገድ ከወደቀ ግንድ ላይ የለቀመውን እንጉዳይ በሳህን ይዞ ገባ። እሱ አፉን ሳይከፍት እኔ «ተክሎች» ብዬ ርእስ ጽፌ አስምሬበታለሁ። እንጉዳይ ተክል አይደለም፣ እንስሳም አይደለም፣ ራሱን የቻለ ወገን ነው አለ። እጄን አውጥቼ ተከራከርሁት፤ የተማርሁበትን መጽሐፍ ምዕራፉን ጠቅሼ ነገርሁት። ልጆቹ ሳቁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ያለ መሣሪያ ይህን ማን ሊያውቅ ይችላል ብዬ ጠየቅሁት። ዝም ብሎ ያየ ሕፃንም ያውቀዋል አለኝ። አረንጓዴ አይደለም፤ ፀሐይ አይፈልግም፤ የሞተ እንጨት ይበላል።

ሙሐመድሳኒ፣ ቃል በቃል የአንተ መልስ ነበር። በ1956 ዓ.ም. አባታችን ከአጋሮ እኔ ወደማስተምርበት ሸኮ ድረስ የላከህ እንድትማር ነበር። በስድስተኛ ክፍል የሳይንስ ፈተና ላይ እነዚህን ሦስት ነገሮች ጻፍህ። ከየትኛው መጽሐፍ አገኘኸው ብዬ ስቆጣ፣ «አይቼው ነው» አልኸኝ። አንበርክኬ «እንጉዳይ ተክል ነው» ብለህ መቶ ጊዜ እንድትጽፍ አዘዝሁህ። ዘጠና ዘጠኙን ጻፍህ፤ መቶኛው ላይ «አይደለም» ብለህ ጻፍህ። ዜሮ ሰጥቼህ ዓመቱን ድገም ብዬ በገዛ እጄ ፈረምሁ። በሳምንቱ የቡና መኪና ላይ ወጥተህ ሄድህ፤ ትምህርትህም በዚያው ቀረ። ለባሌ ለቅሶ መጥተህ እንኳ ደጄ ላይ እጄን ጨብጠኸኝ ጎረቤት ቤት አደርህ። እኔም ግትር ነው እያልሁ ለሰው ሳወራ ኖርሁ።

ጴጥሮስ ሲያዝንልኝ፣ በእርስዎ ጊዜ መጽሐፉም እንዲያ ይል ነበር አለኝ። እውነቱን ነው። ነገር ግን ያንበረከከህ መጽሐፉ አይደለም። አንተ እንጉዳዩን ያየህበት የወደቀ ግንድ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነበር፤ በቀን አራት ጊዜ በአጠገቡ አልፍ ነበር፤ አንድም ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁትም። በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። በስልክ ግን ሰው ቶሎ ይቅር ይላል፣ ወይም ቶሎ ይዘጋል። አንተ ወደ አንዱም ሳትቸኩል እንድታነበው ፈለግሁ።

የባህሪያን ማስታወሻ አስተካክዬ ሰጥቻታለሁ። ርእሱን ሰርዤዋለሁ፤ እንዳይታይ ግን አልፋቅሁትም። ምን ሆኖ ነው አያቴ ብትለኝ የሆነውን ሁሉ ነገርኋት። ሙስዓብን እያጠባች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

ለሁስና ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችልኝ ነጠላ ጫማ እግሬን አልላጠኝም በላት። ለሰዓድ፣ የሥራ ማመልከቻውን በንጹሕ ወረቀት እንዲጽፍ ንገረው። ባህሪያ እጅህን ትስማለች። ሙስዓብ ገና ማንንም አያውቅም።

በደብዳቤው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ታገኛለህ። «እንጉዳይ ተክል አይደለም» ብዬ መቶ ጊዜ ልጽፍ ጀምሬ ነበር። ሥልሳ ሁለተኛው ላይ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ቀሪውን ሠላሳ ስምንት አንተ ቤቴ ገብተህ፣ ከፊቴ ተቀምጠህ፣ እያየኸኝ እጽፈዋለሁ።

ታላቅ እህትህ ሳሊሀ
ሚዛን ተፈሪ፣ ግንቦት 14 ቀን 2000 ዓ.ም.