ለአበረ ዋስ የሆንሁ ቀን

ለምወድሽ እህቴ ለጥሩብርሃን፣ ገንዳ ውሃ

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? የቆላው ወባ ዘንድሮስ ማረሽ? ማህደርስ? ስትሄዱ በጀርባሽ ነበረች፤ ዛሬ ቁመቷ የት ደርሶ ይሆን? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናታችን ጉልበቷ ቢደክምም ምላሷ አልደከመም፤ እኔን ስትቆጣ ትውላለች።

ክረምቱ ከባድ ነበር። ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሁሉ ዋጠው፣ እስከ ደጃችንም መጣ። ውሃ ባየሁ ቁጥር ትዝ የምትዪኝ አንቺ ነሽ። ይፋግ ገበያ ስንሄድ ትከሻሽ ላይ አስቀምጠሽ ታሻግሪኝ ነበር። «ከተንቀሳቀስህ ለጉማሬ ነው የምሰጥህ» እያልሽ ታስፈራሪኛለሽ፤ እኔ ደግሞ ጸጉርሽን ጨምድጄ እይዛለሁ። ውሃው ሲሸሽ የሰው ሽምብራ እሸት ሰርቄ በተያዝሁ ጊዜም «እኔ ነኝ» ብለሽ ስለኔ ተገርፈሻል። ምነው ያ ዘመን ተመልሶ በመጣ እላለሁ።

አሁን ያ የሽምብራ ማሳ ሩዝ በሩዝ ሆኗል። እናታችን ግን እስከ ዛሬ «የእንግዳ እህል» ነው የምትለው። አጨዳውን አሥራ አንድ ሆነን በወንፈል ነው የምንሠራ፤ ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን እያልን። የምጽፍልሽም ስለዚሁ ወንፈል ነው።

አምና አንድ ጎረቤታችን ሚስቱን በዱላ መትቶ ዓይኗን አጠፋ። ጩኸቷን ሁላችንም ሰምተን «የባልና የሚስት ነገር» ብለን ተቀምጠን ነበር። በማግሥቱ የአጎታችን ልጅ ይልቃል ማጭዱን መሬት ጥሎ «እኛም አብረን ነው የመታናት» አለ። ከዚያ ወዲህ ጩኸት ከተሰማ ተያይዘን ልንሄድ፣ ሚስቱን ከሚመታ ሰው ማሳም ላንገባ ተማማልን። ወረታ የሩዝ ወፍጮ ያለው መሐመድአወል ሳይቀር ከኛ ጋር ነው።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ከመካከላችን ሀይለየሱስ ሚስቱን ሰብለወንጌልን መታ። በመሐላችን መሠረት ማሳው ላይ ማጭድ አላነሳንም፤ ጎበዝ የሆንን መስሎን ደረታችንን ነፋን። ኅዳር ሲገባ ሩዙ መርገፍ ጀመረ። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ማንን አየሁ መሰለሽ? ሰብለወንጌል ልጇን አዝላ ብቻዋን ታጭዳለች። እሱ ጠላ ቤት ነው። ለካ የቀጣነው እሷን ኖሯል! ደነገጥሁ፣ አፈርሁም።

ያየሁትን ለወንዶቹ ነገርኋቸውና በማግሥቱ ሁላችንም ማሳው ገባን። ይልቃል ሀይለየሱስን ከጠላ ቤት አምጥቶ ማጭድ አስያዘው። ለወንፈል ምሳ የምታሰናዳው የማሳው እመቤት መሆኗን ታውቂያለሽ፤ እኛ ግን እሷ እንዳትደክም ስንቃችንን ይዘን ሄድን። ስንበላ ይልቃል «እሱን ከመናገራችን በፊት እያንዳንዳችን የራሳችንን እንናገር» አለ። ተራዬ ሲደርስ «እኔ ሚስቴን ፀገነትን መትቻት አላውቅም» ብዬ በኩራት ጀመርሁ። ይልቃል ቀና ብሎ «ጥሩብርሃንስ?» አለኝ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ወጊው ግን አልረሳሁም። ባልሽ አበረ የጎዳውን ጀርባሽን ልናሳክም ከእናታችን ጋር ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርደን ሰባት ቀን ሰነበትን። ማታ ማታ በቆሎ እየጠበስን የልጅነታችንን ስናወራ ሳቅሽ ተመለሰ። እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ወደ ቤት ተመልሰን ሽማግሎች ፊት «እምቢ፣ አልመለስም» አልሽ። ሽማግሎቹ እንኳ ሊተዉሽ ነበር። እኔ ተነሥቼ «ሁለተኛ አይነካትም፣ ዋሱ እኔ ነኝ» አልሁ። በወሩ መታሽ። እኔ ዋሱ አንድ ቀን ደጁን አልረገጥሁም። እርሻ ደረሰብኝ፣ በሬ ታመመብኝ አልሁ። ውሸት ነው እታለም፤ ፈርቼው ነው። ልጅሽን አዝለሽ በይፋግ ገበያ ቀን የጠፋሽው በኔ ዋስነት ነው።

ይህን ሁሉ ለወንዶቹ ተናገርሁ። «ለኛ አይደለም፣ ለእሷ ተናገር» አሉኝ። ስለዚህ ይቅርታ እለምንሻለሁ።

ሀይለየሱስ ተለወጠ ብዬ አልምልልሽም፤ ከእንግዲህ ለማንም ወንድ ዋስ አልሆንም። አመሻሽ ላይ ግን ተራ በተራ ደጁን እናያለን፤ ሰብለወንጌልም ልውጣ ካለች የእናታችን ቤት ክፍት ነው፣ ማንም አይመልሳትም።

ዘመዶች ሽማግሌ ልከን እናምጣት ብለውኝ ነበር፤ አይሆንም አልሁ። ሽማግሌ አይመጣብሽም። ብትመጪ ደስታዬ ነው። እምቢ ብትዪም እምቢታሽን አከብራለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቼ ነው እንጂ።

ፀገነት «ሳላውቃት ናፈቀችኝ» ብላ ትስምሻለች። ይልቃልና ቤተሰቡ፣ መሐመድአወልና ሚስቱ ሰኪና ሰላም ብለውሻል። ማህደርን ሳሚልኝ። እናታችን ደብዳቤውን አንብብልኝ አለችና አነበብሁላት። የማትቆጣበት ነገር የሌላት ሴት ይህን ጊዜ አልተቆጣችኝም። «እኔም ወደ ባልሽ ሂጂ ብያታለሁ፤ የኔንም ይቅርታ አብረህ ጻፍልኝ» አለች። ይኸው ጻፍሁት።

ወንድምሽ ማረው
ወረታ፣ ኅዳር ፳፬ ቀን ፲፱፻፺፱ ዓ.ም.