የእማዬ ምንጣፍ ቀለም ለቀቀ

ወንድሜ፣

በረንዳው ላይ የተሰጣው የእማዬ ምንጣፍ ነው። ዓይንህ አልተሳሳተም፣ ነጩ ሮዝ ሆኗል። ሳይደርቅ እንዳታጥፈው።
ከሥሩ ያለውን ባልዲ አታንሳ፤ ጠብታው የታችኛዋ ጎረቤት ልብስ ላይ ይወርዳል።

ባለፈው አንተ በእንግዶች ፊት «ወንድሜ የሰው ምንጣፍ ያጥባል፣ የቤታችን ግን አፈር ጠግቧል» ስትል ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።
ትናንት እልህ ይዞኝ ወደ ሥራ ቦታ ወሰድኩትና በሙቅ ውሃ ለቀለቅኩት። መጀመሪያ ጥጉን በእርጥብ ጨርቅ አሽቶ ቀለሙን መሞከር ነበር። ይህን ለአዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔው ነኝ።

አለቃዬ መጥታ «ማነው እንዲህ ያደረገው?» አለችኝ።
«ሙያውን የማያውቅ ሰው ነው» አልኳት። አልዋሸሁም።

ምንጣፉን እማዬ አባባ ከሞተ በኋላ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብላ የሠራችው እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።
ልነግራት ወደ እሷ ሄጃለሁ። እባክህ ከኔ ቀድመህ እንዳትደውልላት። አስቀድማ ከሰማች «ምንም አይደል ልጄ» የሚለውን አዘጋጅታ ትጠብቀኛለች።
እኔ ከዚያ በፊት ያለውን ፊቷን ማየት አለብኝ።