ስልክ ሽማግሌ የሆነ ዕለት

ውድ ምሥጋናው፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል አይጀመርም ብዬ ነው። ሰላምታውን ግን አላጎድልም። ሰብሌም እኔም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጁም ደህና ነው። ደህንነቱን ከእኔ በፊት እንደምትሰማ ባውቅም ሥርዓት ነውና ጻፍኩት።

ልደውልልህ እችል ነበር። አልደወልኩም፤ በስልክ ታሸንፈኛለህ። አንድ ቁም ነገር ልናገር አፌን ስከፍት ትስቃለህ፣ እኔም ሳልወድ እስቃለሁ፣ ስንዘጋ የደወልኩበት ጉዳይ ሳይነሣ ይቀራል። ወረቀት ግን አታቋርጠውም።

የዩቲዩብ ፕሮግራምህን አያለሁ። ለሰው አላይም እላለሁ፣ ግን አያለሁ። ሰብሌ ሽሮዋን እያማሰለች ስልኩን የበርበሬው ዕቃ ላይ አስደግፋ ትከፍትሃለች። አንተ ስለ መብራት መጥፋት ታወራለህ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታወራለህ፣ ስልክ በልጆች ላይ ስላመጣው ጣጣ ታወራለህ፣ በየመሀሉም ስለ አገሪቱ ሁኔታ አንድ ሁለት ቃል ጣል ታደርጋለህ። ሰብሌ ትስቃለች። እነዚያኑ ነገሮች እኔ ራት ላይ ሳነሣቸው «ኧረ ተወን የሻው፣ እንጀራችንን በሰላም እንብላበት» ትለኛለች። እኔ ሳወራው ምሬት የሆነ ነገር አንተ ስታወራው ጨዋታ የሚሆንበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ነበርክ። መጽሐፉን የማነበው እኔ፤ አንተ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለህ ምን እንደሚል ትጠይቀኛለህ፤ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ከእኔ አሳምረህ ትናገረዋለህ። መምህሩ የሚያደንቁት አንተን ነው። ታሪክ ተምረን ስንመረቅ እኔ ላሊበላ ተመልሼ አስተማሪ ሆንኩ፤ አንተ አዲስ አበባ ቀረህ። ይኸው እስካሁን ትናገራለህ።

ስሕተትህንም እለቅማለሁ። ባለፈው ቤተ ጊዮርጊስን ከአብያተ ክርስቲያናቱ ሁሉ ቀድሞ የተፈለፈለ አድርገህ አወራህ። እዚህ አገር ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ የመጨረሻው እንደሆነ ሲነገር ሰምቶ ነው ያደገው። ከሥር ግን ሰው ሁሉ «ዕውቀትህ ይገርማል» ብሎ ጻፈልህ። እኔም ላርምህ ጀምሬ ነበር፤ ጽፌ ጽፌ አጠፋሁት፣ «ይሄ ደግሞ ምን ያለ ቀናተኛ ነው» እንዳይሉኝ። ነኝም። ከአንተ አልደብቀውም።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። መስከረም ላይ ስለ አዲሱ ቴክኖሎጂ ያወራህበትን ቀን ታስታውሳለህ? አታስታውስም። ሻይህን እያማሰልክ፣ «አስጎብኚ የሚባል ሙያ አለቀለት። ከእንግዲህ ቱሪስቱን የሚያስጎበኘው ስልኩ ነው፤ ስልክ ደግሞ ጉርሻ አይጠይቅም» አልክ። ስቀህም ወደ ታክሲ ሰልፍ አለፍክ።

አንተ ያለፍከው ወሬ እኛ ዘንድ መጥቶ ቆመ። የክርስትና ልጅህ ቃለሕይወት አስጎብኚ ነው። መንገዱ ተዘግቶ፣ ኔትወርኩ ጠፍቶ፣ እንግዳ የሚባል ከከተማው በጠፋበት ጊዜ እንኳ ባጁን ከአንገቱ አላወለቀም። ሊያገባት የሚፈልጋት ንጋት ነርስ ናት፤ አባቷ አቶ ገብረ ሊባኖስ እዚህ ቅርብ፣ ብልባላ ላይ፣ የተከበሩ ገበሬ ናቸው። ሦስት ሽማግሌ ላክን፤ መምሬ ወልደ ኪዳንን፣ አቶ አረጋንና ጎረቤታችን ሀሰንን። ወጉን ታውቃለህ፤ የወንዱ አባት አብሮ አይሄድም። ዕድሜ ልኬን በመናገር እንጀራ የበላሁ ሰው፣ በልጄ ጉዳይ ቤቴ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ሳይ ዋልኩ።

የሆነውን የነገረኝ ሀሰን ነው፣ እየሳቀ። ሽማግሌዎቹ ገብተው ቆሙ። ተቀመጡ ሲባሉ «ነገራችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ነገሩ ተነገረ። አቶ ገብረ ሊባኖስ በዘንጋቸው መሬቱን ጫር ጫር እያደረጉ፣

«ልጁ ጨዋ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ምን ሠርቶ ነው የሚያኖራት?» አሉ።

«አስጎብኚ ነው» አሉ መምሬ።

«እሱ ሥራማ አለቀለት ተባለ እኮ መምሬ! ያ ምሥጋናው የሚሉት አዋቂ ሲናገር ቤተሰቡ በሙሉ ሰምቷል። ልጄን ላለቀ ሥራ ልስጥ?»

መምሬ ወደ አረጋ ዞሩ። አረጋ ወደ ሀሰን። ሀሰን ነው ስልኩን ከኪሱ ያወጣው። «ያ አዋቂ ያሉት ሰው የልጁ የክርስትና አባት ነው፤ ለምን ራሱን አንጠይቀውም!» ብሎ በቪዲዮ ደወለልህ። ፊትህ ብቅ አለ።

የቀረውን አንተም ታውቀዋለህ፤ እዚህ እንዴት እንደሚወራ ግን ልንገርህ። «እንዴት ዋሉ አባቴ! እኔም ሽማግሌ ነኝ፤ እኔም እንደ ወጉ ቆሜያለሁ» አልካቸው። አቶ ገብረ ሊባኖስ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው አዩና «ከወገብዎ በታች አይታዩም፤ መቆምዎን በምን ልመን?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንተም የራስህን ስልክ እስከ እግርህ ድረስ አወረድክላቸው። ጫማ አላደረግህም ነበር፤ በካልሲ ነበርክ አሉ። ከዚያ በኋላማ ምን ቀረ? «ያልኩት ስለ ሌላው ነው እንጂ ቃለሕይወትን የሚተካ ስልክ አልተሠራም፤ አባቱ ያስተማረው ልጅ ነው» አልክ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ጠላ ቀረበ።

«ወላሂ አያ የሻው፣ ያ ሰውዬ ባይኖር ባዶ እጃችንን ነበር የምንመለሰው» አለኝ ሀሰን።

«ያ ሰውዬ ባይኖርማ ጥያቄውም አይነሣም ነበር።»

«ኧረ ተው እንግዲህ! እሳቱን የለኮሰው ራሱ መጥቶ ካጠፋው ምን ቸገረህ?»

ምን እንደቸገረኝ ለእሱ አልነገርኩትም፤ ለአንተ ልንገርህ። ስለዚያ ልጅ ሥራ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ፀሐይ በየትኛው ሰዓት በየትኛው መስኮት እንደምትገባ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው በሚወስደው ጨለማ መተላለፊያ ውስጥ ስልክ ኔትወርክ እንደሌለው፣ የእንግዳውን እጅ ይዞ የሚያሻግረው ሰው እንደሆነ ለአቶ ገብረ ሊባኖስ ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነኝ። አንተ በካልሲ ቆመህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረስከው። ያልከው ደግሞ እውነት ነበር። ውሸት ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቃለሕይወት እየሮጠ ሲመጣ ከውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ተነሣሁ፤ ጋቢዬን አስተካከልኩ። እሱ ግን ደጃፉ ላይ ቆመ። ስልክ ይዟል። «አባባ፣ ሰጡን! ሰጡን እኮ!» እያለ ያለቅሳል። ለአንተ ነው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜያለሁ። ሲጨርስ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገና ገባ፤ ጎንበስ ብሎ፣ «አባቴ፣ ተሳክቷል። ሽማግሌዎቹን ስለላኩልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለኝ። ለእኔ የደረሰኝ የተጠረገው ዓይን ነው፤ ዕንባው አንተ ዘንድ ሄዷል።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለችኝ ሰብሌ።

«ምንም።»

«ቀንተህ ነው።»

«በማን?»

«በማን ይሆናል! የራስህ ጓደኛ፣ የልጅህ የክርስትና አባት! ሰው በባለውለታው ይቀናል እንዴ?»

ሰብሌን ታውቃታለህ፤ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ጓዳዋ ገባች።

ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። ትናንት ቃለሕይወትና ንጋት አብረው መጡ። «አባባ ሥራ ስለሚበዛበት መምጣት አይመቸውም። ትልቅ ስክሪን ተከራይተን ዳሱ ውስጥ እንስቀልና ከዚያው ሆኖ ይመርቀን» አለኝ ልጁ። ንጋት አጨበጨበች። ሰብሌ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። እኔ «ላስብበት» ብዬ ወጣሁ።

ያሰብኩት ይህን ነው። ስክሪን አይሰቀልም። ሙሽሮች ጎንበስ ብለው ጉልበት የሚስሙት ሰው ፊት ነው፤ ስክሪን ላይ የሚሳም ጉልበት የለም። ና። ፕሮግራምህን አንድ ሳምንት ዝጋውና ና፤ አገሪቱ ያላንተ አስተያየት አንድ ሳምንት ትሰነብታለች። አየር ማረፊያ ድረስ ወርጄ እኔው ራሴ እቀበልሃለሁ። ወንበርህን ከጎኔ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ የሚሳመው ግን የእኔ ጉልበት ነው። ልጁ ተሳስቶ ወደ አንተ ቢቀድም፣ አንተ እግርህን ሰብሰብ አድርገህ ወደ እኔ ትመልሰዋለህ። ይህን ለምኜሃለሁ፤ በሕይወቴ ሌላ ነገር ለምኜህ አላውቅም። ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን ተናገር፤ ዳሱን በሳቅ ሙላው።

ካልመጣህ ግን ዕለቱን መደወልህ አይቀርም። ሙሽራ ስልክ በኪሱ አይዝም፤ ጠዋት ሲለብስ እኔ ዘንድ ነው የሚያስቀምጠው። ሲጠራ የማነሣው እኔ ነኝ። ምርቃትህን እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ፣ በየመሀሉም አሜን እላለሁ። ስልኩን ወደ እሱ ግን አላዞረውም።

የቃለሕይወት አባት፣
የሻው
ላሊበላ