በግራዬ የነበረው መኪና

እታለም፣ ሰላምታዬ አንቺንም ልጆቹንም በጤና ያግኛችሁ። እኔ ደህና ነኝ።

በኮምፒውተር የምንወዳደረውን የመኪና እሽቅድምድም አልተውኩም። ቅዳሜ ከሰዓት ከአውቶቡስ ሥራዬ ስወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ የጨዋታውን መሪ አስሬ እቀመጣለሁ። መኪኖቹ ጎማቸው ወደ ውጭ የወጣ ስለሆነ፣ ጎማ ለጎማ ከተነካኩ ሁለቱም ከውድድር ይወጣሉ። ስለዚህ አጠገብ ላለ መኪና ቦታ መተው ሕግ ነው። እኔ ግን ባለፈው ቅዳሜ ሦስተኛ ሆኜ ስነዳ በግራዬ ያለውን ገጨሁት። በዚህ ወር ስገጭ ሦስተኛዬ ነው፤ ሁሉም በግራ።

ከእኛ ጋር የሚወዳደር አንድ ጥርስ ሐኪም በማዳመጫው፣ «አንተ ሾፌር፣ ተሳፋሪዎችህን አንድዬ ይጠብቃቸው!» ሲለኝ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። «ድንገት ገባብኝ እኮ!» ብዬም ተከራከርኩ። በኋላ የውድድሩን ቅጂ ሳየው ግን የገጨሁት ሰው ቀጥታውን መንገድ ሙሉ አጠገቤ ነበር።

ከሰኞ ጀምሮ የዓመት ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው። ስትደውዪ ለእማማ ይህን አታንሺላት።

ደግሞ ልጠይቅሽ፦ አባባ መንዳት ያቆሙ ጊዜ መጀመሪያ ያስቸገራቸው የትኛው ዐይናቸው ነበር? ዕድሜያቸውስ ስንት ነበር? እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው።

ልጆቹን እየሳምሽ፣ ሰላም ሰንብቺልኝ።

ወንድምሽ