የተቆረጡት አሥራ አንድ ደቂቃዎች

ውድ እታለም፣

ይህን ደብዳቤ በእጄ ነው የማመጣልሽ። አንብበሽ እስክትጨርሺ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። ፊት ለፊት ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርተን ተለያየን። ዓይን ዓይኔን ስታዪኝ ምላሴ ይተሳሰራል። ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ግን የግድ ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ።

እዚያ መሥሪያ ቤት ያስገባሽኝ አንቺ ነሽ። «ወንድሜ ስለሆነ አይደለም፤ እጁን እዩለት» ብለሽ ተከራክረሽልኝ ነው የገባሁት። አራት ዓመት ሙሉ የጠፈር ጣቢያው ተከታታይ ድራማችን «ጣቢያ ዘጠኝ» በቴሌቪዥን ሲተላለፍ አንቺ ጻፍሽ፣ እኔ ኤዲት አደረግሁ። ተመልካቹ ካፒቴኑን ይወዳል ብለን ስንጠብቅ፣ የወደደው በየክፍሉ ሁለት ደቂቃ ብቅ የምትለውን የጥገና ሠራተኛዋን ሆነ። ያቺ መፍቻዋን ታቅፋ «አንተ ዛሬም አልሞትክም?» እያለች የአየር ማጣሪያውን የምትሰድበውን ሴትዮ። ለብቻዋ ፊልም ይሠራላት የተባለ ቀን በደስታ ጫማሽን አውልቀሽ ኮሪደሩ ላይ መሮጥሽን የድምፅ ባለሙያው እስከ ዛሬ ያወራል።

ታሪኩን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ግን የሠራሁትን ጥፋት በቅደም ተከተል ልንገርሽ ብዬ ነው። ሁሉም ጣቢያውን ጥለው ሲሄዱ እሷ ከታች ቧንቧ ስትጠግን ተረስታ ትቀራለች። የመውጫው በር ተበላሽቷል፤ መልእክት አይደርስም። መቶ ምናምን ቀን ለብቻዋ ትኖራለች። አንቺ በጻፍሽው መጨረሻ ግን ያንን በር ትፈታዋለች። አሮጌዋን የነፍስ አድን መንኮራኩር አስነስታ ትወጣለች። መድረሷ አይታወቅም፤ መውጣቷን ግን እናያለን። ጽፈሽ የጨረስሽ ዕለት ደውለሽ «ማሙሽ፣ አስወጣኋት» ያልሽኝ ጊዜ፣ የእውነት ሰው ያዳንሽ ነበር የሚመስለው።

ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ለአርባ ሰው በትንሿ አዳራሽ እንዳሳየነው ታስታውሻለሽ። ሰዎቹ አስተያየታቸውን በቅጽ ሞልተው ሰጡን። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ታውቂዋለሽ፤ ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው።

«እሷ ከሄደች ሁለተኛውን ፊልም በማን እንሠራዋለን?» አለኝ።

«ደራሲዋ መጨረሻውን መቀየር አትፈልግም» አልኩት።

«ደራሲዋ የእኔን ቃል አትሰማም። የተመልካች ቃል ግን ትሰማለች። ቅጾቹን አንተ አጠቃልልልኝ።»

እታለም፣ ከአርባው ሰው ሠላሳ ሦስቱ መውጣቷን ወደውት ነበር። ሰባቱ ደግሞ ወንበሩ ስለማይመች ነው ያማረሩት። እኔ ግን «አብዛኛው ተመልካች ከጣቢያው ባትወጣ ይመርጣል» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብትፈጅብኝ ይሻል ነበር፤ ግን ቶሎ ነው ያለቀችው። እምቢ ብል ምን ያደርገኝ እንደነበረ አላውቅም። አልሞከርኩትማ።

ወረቀቱን አንብበሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽው። ከዚያ «ተመልካቹ እንዲህ ካለማ እኔ ማን ነኝ?» አልሽ። ቀጥለሽ ያልሽው ነው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልጠፋው። «አንተው ቁረጠው ማሙሽ። የሌላ ሰው እጅ አይንካው።» እኔው ቆረጥኩት። አሥራ አንድ ደቂቃ አውጥቼ፣ በቦታው ከተከታታዩ ሁለተኛ ዓመት የተረፈ ምስል፣ መስኮት ሥር ቁጭ ብላ ውጭ ውጭውን የምታይበትን፣ ለጥፌ ዘጋሁት።

ፊልሙ ሲወጣ በኢንተርኔት ላይ የተባለውን አንቺም አይተሻል። «ሁለት ሰዓት ቁጭ ብዬ አንዲት ሴት ቁጭ ስትል አየሁ» አለ አንዱ። «ደራሲዋ መጨረሻውን ትታ ሻይ ልትጠጣ ወጥታ ቀረች?» አለ ሌላው። አንዷ ደግሞ ከተከታታዩ ጋር ያደገች መሆኗን ገልጻ «ይህን የጻፈችው ሴት ሰው ናፍቋት አያውቅም» ብላ ጻፈችብሽ። አንቺ ሁሉንም ታነቢያለሽ። ዳቦ ይዤልሽ ስመጣ መጋረጃው አልተከፈተም፣ ስልክሽ ከእጅሽ አይጠፋም፣ ለእኔም ታነቢልኛለሽ። «እንዳትወጣ የፈለጉት እነሱው አይደሉም እንዴ?» ትዪኛለሽ። እኔ ዳቦውን እቆርሳለሁ።

በዚያው ሰሞን ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛው ሁሉ በሌላ ስም ጥሩ ጥሩ አስተያየት እንዲጽፍ አዘዘ። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ «ምርጥ ፊልም፣ ቀጥሉበት» ብላ አሥራ ሁለት ጊዜ ገልብጣ ጻፈች። እኔ አንድ ብቻ ጻፍኩ። «አንዳንድ ሰው በሩ ተዘግቶበት ሳይሆን ከበሩ ማዶ የሚጠብቀውን ፈርቶ ይቀመጣል። እኔ ይህች ሴት ገብታኛለች፤ የጻፈቻትም ሴት ገብታኛለች» የሚል። ስሙን «የጣቢያው ጎረቤት» አልኩት።

አዎ እታለም። እሱ እኔ ነኝ።

አመሰግናለሁ ብለሽ ታልፊያለሽ ብዬ ነበር። አንድ ሙሉ ገጽ መለስሽልኝ። ያኔ ማቆም ነበረብኝ። ግን እንደዚያ ሆነሽ ካወራሽኝ ስንት ዓመት ሆነ? መልሼ ጻፍኩ፤ ስድስት ሳምንት ጻፍኩ። ለእኔ ያልነገርሽኝን ለእሱ ነገርሽው። መጻፍ እንደታከተሽ፣ ትምህርት ቤት ገብተሽ ማስተማር እንዳማረሽ፣ ግን ተሸንፋ ወጣች እንዳይሉሽ እንደምትፈሪ ነገርሽው። አንድ ቀን ደግሞ «ወንድም አለኝ፤ ስለ ሥራው ሳነሳበት ፊቱን ያዞራል፤ ሳላውቅ የበደልኩት ነገር ይኖር ይሆን?» ብለሽ ጠየቅሽው። እሱም፣ ማለት እኔ፣ «ወንድምሽ ይወድሻል፤ ሥራ በዝቶበት ይሆናል» ብዬ መለስኩልሽ። ያንን ከጻፍኩ በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፊቴን ስታጠብ፣ ስታጠብ ቆየሁ።

የምሠራበትን ክፍል ታውቂዋለሽ። መስኮት የለውም። ሁለት ስክሪን፣ አንድ ወንበር፣ ቀን ከሌት የሚያጉረመርም ማቀዝቀዣ። አሁን ሥራዬ ከቅንብር ይልቅ በቀጥታ ለመሥሪያ ቤቱ የሚላክ አስተያየት መለየት ሆኗል። «ለደራሲዋ የሚላክ»፣ «ለደራሲዋ የማይላክ» የሚሉ ሁለት ፋይሎች አሉኝ። ጠዋት ገብቼ ስቀመጥ ቀን ይሁን ማታ ሳላውቅ እወጣለሁ። በአንድ ስም ለአንቺ የሚላከውን እመርጣለሁ፣ በሌላ ስም አጽናናሻለሁ፣ በሦስተኛው ስም ዳቦ አመጣልሻለሁ። ከሦስቱ የትኛው ቢወጣ ሁለቱ እንደሚጋለጡ ሳስብ፣ ሁሉም ባሉበት ይቀመጡ እያልኩ ከረምኩ።

ሐሙስ ደወልሽልኝ። ሥራ አስኪያጁ ውል አቅርቦልሻል፤ ሦስት ዓመት፣ ሁለት ተጨማሪ ፊልም። «ልተወው ነበር» አልሽኝ። «ግን አንድ ተመልካች አለ። አንድ ሰው እንኳ ከገባው ይበቃኛል።» እኔ «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኩሽ። በስልክ ነውና ፊቴን አላየሽም።

ዓርብ ጠዋት እንግዳ መቀበያው ላይ አንዲት ሴት ፊልሙን ከሠራ ሰው ካላገናኛችሁኝ አልሄድም ብላለች ተብዬ ተጠራሁ። ሃምሳ የሚሆናት፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ የያዘች ሴት ናት። ስሟን ስትነግረኝ ወዲያው አወቅኋት። ከሦስት ሳምንት በፊት የጻፈችውን «የማይላክ» ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ይል ነበር፦ «እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች ስምንት ዓመቷ ነው። ከቤት የምወጣው ጎረቤት ስትተካልኝ ብቻ ነው። ይህችን ሴትዮ ያየኋት ስትወጣ ለማየት ነበር። እዚያው ትታችሁኝ ሄዳችሁ።»

«ለጠብ አልመጣሁም» አለችኝ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። መጀመሪያውኑ መጨረሻ አልነበረውም ወይስ አውጥታችሁት ነው?»

«ነበረው» አልኳት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ወደ ክፍሌ ወስጄ ወንበሬ ላይ አስቀመጥኳትና አሥራ አንዱን ደቂቃ ከፈትኩላት። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ፊቷን አላየሁትም፤ ትከሻዋን ነው ያየሁት። በሩ የተፈታ ጊዜ ቦርሳዋ ከጭኗ ወደቀ፣ አላነሳችውም።

«ደረሰች?» አለች ሲያልቅ።

«አይታወቅም።»

«ይሁን። ወጥታለች።» ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል «ማን ነው ይህንን የቆረጠው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«የጻፈችውስ ታውቃለች?»

«እህቴ ናት። ተመልካች አልፈለገውም ብያት ነው የፈቀደችው።»

ዞር ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር። «ታዲያ ለእሷ ሳትነግር ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?» አለችኝና ሰዓቷን አየች። ጎረቤቷ የምትቆይላት እስከ ሰባት ሰዓት ነው። ቦርሳዋን አንስታ እየሮጠች ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። «ለእህቴ ልነግራት ነው» አልኩት። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ንገራት። የመግቢያ ካርድህን ግን እዚህ አስቀምጥ።»

አስቀመጥኩት። ወጥቼ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ደረስኩ፤ በሩ ያለ ካርድ ከውስጥም አይከፈትም ለካ። አስቢው፤ በሕይወቴ አንዴ ደፈርኩ ስል በር ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ተመልሼ ክፈትልኝ ማለት ሞት መሰለኝ። ሰው ያልፋል ብዬ ብጠብቅ ማንም የለም። ሩብ ሰዓት ያህል የእሳት አደጋ መመሪያውን ሳነብ ቆየሁ፤ አሁን በቃሌ ልወጣልሽ እችላለሁ። በመጨረሻ እሱው መጥቶ ከፈተልኝ።

«ሰኞ እሷ ከፈረመች ካርድህን እንግዳ መቀበያው ላይ ታገኘዋለህ» አለኝ፣ በሩን በእጁ እንደያዘ።

ይህንን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ለእኔ ብለሽ እንዳትፈርሚ ነው። አውቅሻለሁ፤ ማሙሽ ከሥራ ከሚወጣ እኔ ሦስት ዓመት ልታሰር ትያለሽ። እውነቱን ልንገርሽና፣ ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ እኔም ይህንኑ አስቤዋለሁ። ትፈርም፣ እኔም ልመለስ፣ «የጣቢያው ጎረቤት»ም መጻፉን ይቀጥል ብዬ አስቤያለሁ። ዛሬ ጠዋት ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ፖስታው ውስጥ አርባዎቹ ቅጾች አሉ። ሰዎቹ በገዛ እጃቸው የጻፉት ነው፤ አንዳንዱ ጽሑፍ ለማንበብ ያስቸግራል፣ ታገሺው። የሴትዮዋንም አድራሻ ጨምሬበታለሁ። ልትጽፊላት ከፈለግሽ፣ እሷ የእውነት ተመልካች ናት።

ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት ገና ነው። መጀመሪያ ተቆጪ። ግን የምትዪውን ለእኔ በዪኝ። ለዚያ «የጣቢያው ጎረቤት» ከአሁን በኋላ ብትጽፊ የሚመልስልሽ የለም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ረቡዕ ዕለት «ሁለተኛውን ብጽፈው ታየዋለህ?» ብለሽ ጠይቀሽው ነበር፤ እስካሁን ዝም ብሎሻል። እሱ ቢሆን «እንዴታ፣ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ» ይልሽ ነበር። እኔ ግን ወንድምሽ ነኝ። አትጻፊው፣ እታለም።

ማሙሽ