አብኩቼ ስላሳደርኩት ሲሚንቶ

ቀራንዮ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.
ይድረስ ለክቡር የሠፈራችን ምግብ ቤቶች ንጽሕና ተቆጣጣሪ፣ ለአቶ ዳኛቸው

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወደ ቤቴ የምታወጣው አቀበት ባለፈው አድክማዎት ነበርና ስለ ጉልበትዎ ሳስብ ሰነበትኩ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የምግብ ቤቴን በር ስላሸጉልኝ ዐርፌ ተቀምጫለሁ። ፊደል በሃምሳ አራት ዓመቷ የቆጠረች ሴት ደብዳቤ ለመጻፍ ይህን ያህል ጊዜ ማግኘቷ የእርስዎ ውለታ ነው።

፩ኛ/ የወጥ ቤቴ ግድግዳ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ነጭ ሴራሚክ እንዲለብስ አዘዙኝ። በምን እንደሚጣበቅ ብጠይቅዎ፣ ይህን ማንም ያውቃል ብለው ሄዱ። እኔ ከማንም በታች መሆኔን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

፪ኛ/ ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የራሴ ነው። በዕድሜዬ አራት ቤት በጭቃ መርጌአለሁ፤ ጭቃ ከጭድ ጋር ተረግጦ ሰንብቶ ካልቦካ እንደሚሰነጠቅ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ሲሚንቶንም የጭቃ ባለጸጋ ዘመድ አድርጌ ስለቆጠርኩት፣ በልብስ ማጠቢያ ባኞዬ ከአሸዋና ከውሃ ጋር አብኩቼ፣ ጭድ ጨምሬ፣ ጆንያ አልብሼ እንዲበስል ተውኩት። ከረጢቱ ላይ ብዙ ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን «ሲሚንቶ» የሚለውን ራሴ ማንበቤ ስላኮራኝ የቀረውን ሳላነብ አለፍኩት። በሦስተኛው ቀን ጆንያውን ብገልጥ አካፋው እንደ ቆመ ቀርቷል። ጎረቤቴ ጥሩብርሃን መጥታ አይታ፣ ለማን መታሰቢያ እንዳቆምኩት በትሕትና ጠየቀችኝ።

፫ኛ/ ክፍተት ቆሻሻ ይይዛል ብለውኝ ስለነበር፣ በሁለተኛው ሙከራዬ ሴራሚኩን ደረቁን፣ ጫፍ ለጫፍ አጣብቄ፣ አሸዋ በሌለው ሲሚንቶ ለጠፍኩት። በአሥራ አምስተኛው ቀን እርስዎ ሲገቡ ሴራሚኮቹ ከአክብሮት የተነሣ ተራ በተራ ወረዱ። አንዱ ከጫማዎ ሥር፣ አንዱ ከሽሮው ድስት ውስጥ ዐረፈ። እርስዎም በሩን አሸጉ። በእሽጉ ወረቀት ላይ ስሜን መጻፍ እችላለሁ ብልዎ፣ አውራ ጣት ይበቃል ብለው ቀለም አስነከሩኝ። ሽሮውን ይቅር ብዬዎታለሁ፤ ቀለሙን ግን ገና ነኝ።

ኋላ ሽኩር የሚባል ግንበኛ በጓሮ በር ገብቶ ባኞውን አየና ሳቁን ዋጠ። «እትዬ የኔነሽ፣ ይሄ አይቦካም፣ አያድርም። አሁን የሚጨርሱትን ብቻ ያቡኩ» አለኝ። አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሦስት እጅ የተነፋ አሸዋ ጋር ለወስን፤ ሴራሚኩን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን በክብሪት እንጨት ውፍረት እያራራቅን ለጠፍን፤ ከቀናት በኋላ ክፍተቱን በቀጭን የሲሚንቶ ውሃ ሞላን። ዛሬ በጣቴ ባንኳኳው አንድም ባዶ ድምፅ የሚሰጥ የለም።

እንዲያዩልኝ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጣሁ። ማመልከቻውን የተማረ ሰው ይጻፍልሽ ብለው መለሱኝ። ይኸው፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከእኔ የተሻለ የተማረ ስላላገኘሁ ራሴ ጻፍኩት፤ ሌላውም እንዲያነበው በታሸገው በር ላይ ለጠፍኩት። የለጠፍኩት በዱቄት ሙጫ ነው፤ ለወረቀት እሱ እንደሚሻል ማንንም አልጠየቅሁም።

መጥተው እሽጉን እስኪፈቱልኝ ድረስ በባኞ ቅርጽ በደረቀው ድንጋዬ ላይ ተቀምጣ የምትጠብቅዎ፣ አውራ ጣቷን የታጠበች አክባሪዎ፣
የኔነሽ ነገሬ፣ በገዛ እጇ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ስመጣ የቢሮዎ መግቢያ ላይ አንድ ሴራሚክ ከእግሬ ሥር ተነሣ። ገልብጬ ጀርባውን አየሁት፤ ሲሚንቶ አልያዘም፣ እንደ እኔው ደረቁን የተለጠፈ ነው። ሽኩርን ልልክልዎ እችላለሁ። አሥራ አምስት ቀን ይበቃዎታል።