ከቤቱ መቶ ሃምሳ ሜትር

ስንዱዬ፣

እዚህ ኖርዌይ በሰው መሬት ላይ ማንንም ሳታስፈቅጂ ድንኳን ተክለሽ ታድሪያለሽ። ከቤቱ መቶ ሃምሳ ሜትር ራቂ፣ ከሁለት ሌሊት በላይ አትቆዪ፣ በቃ። ይህን ሕግ እስከ ዛሬ ጠዋት እወደው ነበር።

ትናንት ባሌ ቶርስታይን ሐይቁ ዳር ካለ ቀይ ቤት ጀምሮ ርቀቱን በእርምጃ ለካና ድንኳናችንን ተከለ። ጠዋት ከቤቱ አንድ ሰውዬ ወጥቶ መጣ። ቁርጥ ባሌን!

«ሁለት ሌሊት ነው አይደል?» አለው።

«ሁለት ነው።»

«እሳት እንዳታነዱ፤ ሣሩ ደርቋል።» ዞሮ ሄደ።

«ማነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ወንድሜ ኦድቫር። አባታችን ሲሞት ቤቱን ወሰደው» አይለኝም! ወንድም እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር። ለካ በየበጋው ብቻውን የሚጠፋው ወደዚህ ነው። የቤቱ መስኮት ላይ አንዲት አሮጊት ቆመው እጃቸውን አነሱ፤ እሱም አነሳ። እናቱ ናቸው።

«ታዲያ ገብተህ አትስማቸውም?»

«ከመቶ ሃምሳው ካለፍኩ ኦድቫርን ማስፈቀድ አለብኝ» አለኝና ቡናውን ጠጣ።

እኛ ጋ ቢሆን ማደሪያ ያጣ ወንድም ሳይወድ በግዱ በሩን ያንኳኳ ነበር። ይሰዳደባሉ፣ ይላቀሳሉ፣ ይታረቃሉ። እነዚህን ግን ሕጉ ከመታረቅ ገላገላቸው።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እማማ አሰገደችን ሳሚልኝ። አንቺና ወንድምሽ ፍስሐ አሁንም በአንድ ግቢ ትሰዳደባላችሁ? አደራ፣ እንዳትተዉ።

አመለ